እናቴ "ብርዱንስ አውቀዋለሁ፤ ጨለማው ነው የከበደኝ" አለችኝ። መጸውን ቤት ውስጥ እንዴት ነው የምታሳልፉት?

የደብረ ብርሃኗ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)
ጥቅምት 14

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። እናቴ ከደብረ ብርሃን ከመጣች ሁለት ወር ሆናት። ለቪዛው ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ እዚህ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ተመስገን፣ እሱ አልፏል። አሁን የምጽፈው ሌላ ነገር አሳስቦኝ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስትመጣ ደስተኛ ነበረች። ጠዋት በረንዳው ላይ ቆማ ትጸልያለች፤ ከሰዓት በኋላ የልጄን አውቶቡስ ወጥታ ትጠብቃለች። መስከረምም እንዲሁ አለፈ። ጥቅምት ሲገባ ግን ዝም አለች። ጋቢዋን ተከናንባ ሶፋው ጥግ ላይ ትቀመጣለች፤ ቴሌቪዥኑ ለራሱ ያወራል፣ እሷ መስኮቱን ታያለች። ትናንት ከሥራ ስገባ መብራት እንኳ አላበራችም። "በርዶሽ ነው እማዬ?" አልኳት። "ብርዱንስ አውቀዋለሁ፤ ጨለማው ነው የከበደኝ" አለችኝ። ይህን ካለች ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

እውነቷን ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ የለመደ ሰው የሜሪላንድ ጥቅምት አያስደነግጠውም። ከተማው ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ህዳር ላይ በማለዳ የወጣ ሰው ሣሩን ውርጭ መትቶት ያገኘዋል። ሻንጣዋን ግማሽ ያህል ሞልቶ የመጣውም የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ነው፤ "እዚህ ሞልቷል" ብላት አልሰማችኝም። ግን እዚያ 3 ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ትሞቃለች፣ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል፣ ጎረቤት ቡና ይጠራራል። የቀኑም ርዝመት ክረምት ከበጋ ብዙ አይለያይም። እዚህ ቀኑ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ይቀነሳል። ጥቅምት 23 ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ደግሞ ገና በ11 ሰዓት ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ይህን እንዴት ብዬ እንደምነግራት አላውቅም።

እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ሳይሞላ ወጥቼ ማታ 12 ሰዓት ተኩል እገባለሁ። እሷን ላሳርፋት ብዬ ምንም እንዳትነካ አድርጌያለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ጭስ ውስጥ የኖረች ሴት ናት፤ አሁንስ ትረፍ ብዬ ነው። እሁድ የሳምንቱን ወጥ ሠርቼ በየዕቃው ከፋፍዬ ፍሪጅ አስገባለሁ። እንጀራ ከሱቅ እገዛለሁ። ማይክሮዌቩን አሳይቻታለሁ። ግን አንድ ሁለት ጉርሻ ትበላና ትተወዋለች። ጽጌንም እየጾመች ነው። የፈቃድ ጾም ነው፣ ዘንድሮ ይቅርብሽ ብላት "አንቺ ምን አገባሽ" አለችኝ። ስለዚህ እስከ ህዳር 5 ቅቤም ሥጋም የለም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ እንደገና ሽሮ።

አንድ ነገር ብቻ ነው ቀና ያደረጋት። የ8 ዓመቷ ልጄ "ኦተም በአማርኛ ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችኝና "በልግ" አልኳት፤ ትምህርት ቤት እንደዚያ ስለተማርን። እማዬ ከሶፋው ብድግ አለች። "በልግ ማለት የካቲትና መጋቢት ላይ የሚዘንበው ዝናብ ነው። ይህ መጸው ነው። የአበባ፣ የእሸት ጊዜ ነው፤ ልጅቱን አታሳስቻት" አለችኝ። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መሆኑን ቀኑን ቆጥራ ነገረቻት። ያን ዕለት ማታ እራቷን በደንብ በላች።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። እናንተ በዚህ ወቅት ቤታችሁን እንዴት ነው የምታሞቁት? ምን ትሠራላችሁ፣ ማታ ማታ ምን ታደርጋላችሁ? ደግሞም ቡናውን በከሰል ላፍላ ትለኛለች፤ አንድ ቀን ሳሎን ውስጥ ባቀጣጥልላት ምን ይለኛል?

ነርስ ነኝ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)
ጥቅምት 14

እህቴ፣ ስለ ምግቡ ሌሎች ይመልሱልሻል። እኔ ስለ ከሰሉ ነው የገባሁት። ቤት ውስጥ እንዳታቀጣጥሉ። አንድ ቀንም ቢሆን፣ ለአንድ ቡናም ቢሆን።

አገር ቤት ማንደጃው ደጅ ተቀጣጥሎ፣ በሩም ወለል ብሎ ነው የሚገባው፤ እንደዚያም ሆኖ ስንት ሰው ገድሏል። የዚህ አገር ቤት ደግሞ ሙቀት እንዳያስወጣ ተብሎ የተደፈነ ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም። ሰው ጭሱ ጠፍቶ ፍም ብቻ ሲቀር "አሁን ነጻ ነው" ብሎ ወደ ቤት ያስገባዋል፤ ፍሙም ይገድላል። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሰው "ትንሽ ጋደም ልበል" ይላል፤ ከዚያ አይነሳም። መስኮት ከፈት ማድረግ አያድንም። የጭስ አላርምሽም ካርቦን ሞኖክሳይድን ላይለይ ስለሚችል የሚለየውን አይነት ገዝተሽ መኝታ ቤቱ አጠገብ አድርጊ። ከሰል የግድ ካሉ ጓሮ፣ ከበርና ከመስኮት ራቅ ብሎ።

ቡናውን በምድጃው ላይ ቁሉ፤ ማራገቢያውን አብሪና የጓሮውን በር ክፈቺው። ለዕጣኑ የኤሌክትሪክ ማጨሻ ሐበሻ ሱቅ ይሸጣል። እንደ ከሰሉ አይሆንም፣ አውቃለሁ። ግን ሽታው ያው ነው።

ሌላም ልጨምር። እናትሽ ጨለማው ከበደኝ ማለታቸውን እንደ ዋዛ አትለፊው። ቀን ላይ፣ ፀሐዩ እያለ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይውጡ፤ ብርድ ቢሆንም። ብርሃኑ ለእንቅልፍም ለመንፈስም ይረዳል። ምግብ መተዋቸው እየባሰ ከሄደ ወይም እንቅልፋቸው ከተዛባ ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው፤ ሰዓቱ እስኪቀየር አትጠብቂ።

አባት ነኝ (ፍራንክፈርት)
ጥቅምት 14

ጾሙ ነው ያስቸገረሽ? እንዲያውም ይህ ወቅት የጾም ምግብ ያለበት ነው። አሁን በየደጁ፣ በየሱቁ የተከመረው ምንድን ነው? ዱባ!

እኔ ዱባ ወጥን የተማርኩት እዚህ መጥቼ ነው። አገር ቤት እያለሁ ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም ሲሉኝ አድጌ፣ ሚስቴ የማታ ሥራ ስትጀምር ሁለት ልጆች ይዤ ማጀት ውስጥ ቀረሁ። ታላቅ እህቴ ከደሴ በስልክ "አሁን አማስለው፣ አሁን ተወው" እያለች አስተማረችኝ። ስለዚህ እንደ ባለሙያ ሳይሆን ብዙ ጊዜ እንዳበላሸ ሰው ስሙኝ።

መጀመሪያ ዱባው። ፊት ተቀርጾበት በር ላይ የሚቀመጠውን ትልቁን አትግዢ፤ ውሃ ይበዛዋል፣ ጭረት ጭረት ይላል፣ ጣዕምም የለው። እናንተ ጋ ባተርነት የሚባለው፣ ቅል የሚመስለው፣ በጣም ጥሩ ነው። እኛ ጋ ሆካይዶ የሚባል ትንሽ ቀይ ዱባ አለ፤ እሱ ልጣጩም ስለሚበላ መላጥ አያስፈልገውም፤ ካገኘሽ እሱን ያዢ።

ለአንድ ኪሎ ዱባ ሦስት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት አድቅቄ ያለ ዘይት አቁላላለሁ። ዋናው ሥራ ይህ ነው። እህቴ "ሽንኩርቱ ሲያለቅስ አትቸኩል" ትላለች፤ ሊይዝ ሲል ጠብ ጠብ እያደረግሁ ውሃ፣ እንደገና ማማሰል፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ። ከዚያ ዘይት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፤ በርበሬው ጥሬ ጥሬ ማለቱን እስኪተው እንደገና አበስላለሁ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። ከዚያ ዱባው በጣት መገጣጠሚያ ልክ ተቆራርጦ ይገባል። ውሃ አታብዢበት፤ ዱባው ራሱ ያወጣል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ብርጭቆ ጨምሬ ሾርባ አድርጌው ነበር። ክደኚው፣ ደጋግመሽ አታማስይው፣ ይፈርሳል። ማውረጃው ላይ ጨውና መከለሻ። የዱባው ጣፋጭነት ከበርበሬው ጋር ሲገናኝ ልጆች እንኳ ይወዱታል፤ የእኔዎቹ ሌላ ወጥ አስለቅሰው ነው የሚበሉት፣ ይህን ድስቱን ይጠርጋሉ።

ፍሬውን እንዳትጥሉት። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጨው ነካ ተደርጎ ይቆላል። ማታ ጨለማው ሲመጣ እኛ ቤት ቴሌቪዥን ይጠፋል፣ የዱባ ፍሬ በሳህን መሃል ይቀመጣል፣ ትንሹ ልጄ የቀኑን ያወራል። ሌላ ምንም አናደርግም።

የሰንበት ዳቦ (ረሖቮት፣ እስራኤል)
ጥቅምት 14

እህት ዓለም፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛው ላይ አለቀስኩ። አንቺ የጻፍሽውን አንቺው አላየሽውም። "ምንም እንዳትነካ አድርጌያለሁ" ብለሻል። እኔም በእናቴ ላይ ይህንኑ ነው ያደረግሁት።

እኛ በ1991 እ.ኤ.አ. ግንቦት፣ ቤተ እስራኤልን በአውሮፕላን ወደዚህ ባመጣው በዘመቻ ሰሎሞን ነው የመጣነው፤ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ። እኔ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ጎንደር እያለች እንጨት ለቅማ፣ ውሃ ቀድታ፣ ፈጭታ፣ ጋግራ፣ ሸክላ ሠርታ ነበር የምታድር። እዚህ ውሃው ከቧንቧ፣ ዱቄቱ ከሱቅ ሆነ። እኔ ካደግሁና ሥራ ከያዝኩ በኋላ ደግሞ "እናቴ አርፋለች" ብዬ የቀረውንም ወሰድኩባት። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጥ ነበር። ያ እጅ ሥራ ሲያጣ እንዴት እንደሚያሳዝን!

አንድ ዓርብ ሥራ አምሽቶብኝ ስልክ ደወልኩና "እማዬ፣ ሰንበት ሊገባ ነው፣ ዳቦው አልተጋገረም፣ አድኚኝ" አልኳት። ተጨንቄ እንጂ አስቤበት አልነበረም። ስገባ ከደረጃው ላይ ሽታው ተቀበለኝ። ጥቁር አዝሙድ የገባበት ዳቦ፣ በትልቁ ድስት፣ ከላይ ተከድኖ የተጋገረ። ዱቄት እስከ ክርኗ ድረስ ነበር። "ይሄ ምድጃሽ ከታች ነው የሚያሳርረው" ብላ ተቆጣችኝ። ተቆጣችኝ! ስንት ወር ሙሉ ተቆጥታኝ አታውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓርብ የእሷ ነው፤ እኔ ማጀት የምገባው ስትጠራኝ ብቻ ነው።

እኛም ከነገ ወዲያ እሁድ ሰዓታችን ይቀየራል፤ የመጀመሪያው ዝናብም ይጠበቃል። በዚህ ወቅት የእኛ ቤት ደስታ ስግድ ነው፤ የቤተ እስራኤል በዓል፣ ከዮም ኪፑር (ከማስተሰረያ ቀን) በኋላ 50ኛው ቀን። ጾመን ኢየሩሳሌም እንወጣለን፣ ቄሶቹ ይጸልያሉ፣ ከሰዓት በኋላ በዳቦ እንፈታለን። እናቴ ለዚያ ቀን ዳቦ ከሦስት ቀን በፊት ነው ማሰብ የምትጀምረው፤ ለስንት ሰው፣ በስንት ኪሎ፣ ማን ይሸከመዋል። ጨለማውን ልብ የምትልበት ጊዜ የላትም።

እና ምክሬ ይህ ነው፦ እናትሽን ሥራ ለምኛቸው። "ካልደከመሽ" አትበያቸው። "አልቻልኩም፣ እርጂኝ" በያቸው። ውሸት እንዳይሆንብሽ ደግሞ እውነት አድርጊው፤ እሁድ አትሥሪ።

ከዚያው ከደብረ ብርሃን
ጥቅምት 15

ሰላም ለእናታችን። እዚህ ገብሱ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ አደዩ አልፏል። ማለዳ ብርዱ ጠንክሯል፣ ቀን ግን ፀሐይ ነው።

አንድ ነገር ብቻ። የእናንተ ጠዋት 2 ሰዓት እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ልክ የከሰዓት ቡና የሚፈላበት። እዚያ ቡናቸውን ያፍሉ፣ እዚህ ጎረቤቶቻቸው ያፍሉ፣ ስልኩ መሃል ይቀመጥ። የእኔ እናት ከእህቷ ጋር እንዲህ ነው የምትጠጣው። እህቷ ያለችው ዱባይ ነው። ወሬው ከጀበናው ጋር ሲሆን ሌላ ነው።

ቆሎስ ቆልተዋል?

የደብረ ብርሃኗ
ጥቅምት 15

የሰንበት ዳቦ፣ ምን ብዬ እንደምመልስልሽ አላውቅም። አንብቤ ስጨርስ ወደ ማጀት ሄድኩ፤ የሠራሁትን ወጥ በየዕቃው ሳየው የሆስፒታል ምግብ መሰለኝ። ነገ እሁድ ነው። ምንም አልሠራም። ከሰሉንም ትቼዋለሁ፤ ነርሷ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዛሬውኑ አላርሙን ገዛሁ።

የደብረ ብርሃኗ
ህዳር 14

እንዴት ከረማችሁ። አንድ ወር ሆነኝ፣ ዝም ያልኩት ሳልረሳችሁ ነው። የሆነውን ልንገራችሁ።

ያን እሁድ ጠዋት "እማዬ፣ ደከመኝ፣ ዛሬ ወጥ የለም" አልኳት። እውነትም ደክሞኝ ነበር። ለአፍታ አየችኝና ጋቢዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ ታጠቀችው። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ካቢኔውን አንድ በአንድ ከፈተች። ሁለት ወር ሙሉ የኖረችበት ቤት ነው፤ ድስት የት እንዳለ አታውቅም ነበር። በዚህ በጣም አፈርኩ።

ከሰዓት ገብስ ፍለጋ አብረን ወጣን። ያገኘነው ልጣጩ ተፍቆ የነጣውን ነው። በመዳፏ ዘግና አየችው፤ "ይሄን ማን ገፈፈው? ሲቆላ ምን ሊሆን ነው?" አለች። ግን ገዛነው። ማታውን ነከረችው፣ አጠንፍፋ በጨርቅ ላይ ዘርግታ አሳደረችው። በማግሥቱ ማታ ከሥራ ስገባ በሰፊው መጥበሻ ላይ እየቆላች አገኘኋት። ልጄ ወንበር ላይ ቆማ ታያለች። ገብሱ መጀመሪያ ዝም ይላል። ከዚያ ይሸታል። ከዚያ አንድ ፍሬ ጣ! ይላል፣ ሌላው ይከተላል፣ ከዚያ መጥበሻው በሙሉ መንጣጣት ሲጀምር እማዬ እጇ ይፈጥናል፤ በማማሰያው ሳይሆን መጥበሻውን ራሱን እየናጠች። በየመሃሉ አንድ ፍሬ በጥርሷ ትሰብራለች። "ገና ነው።" እንደገና። "ገና ነው።" ልጄም አንድ ትሰብርና "ገና ነው" ትላለች። ሰፌድ ስለሌለን በፒዛ ትሪ አንገዋለለችው። ያረረ አንድም አልነበረበትም። ከለውዝ ጋር ቀላቅላ ጠርሙስ ሞላች፤ ልጄ አሁን ትምህርት ቤት በኪሷ ይዛ ነው የምትሄደው።

የፍራንክፈርቱ ወንድሜ፣ ዱባ ወጥህን ሠራን። እማዬ ሽንኩርቱን በተናገርከው ላይ ተስማምታለች፣ ዝንጅብሉ ላይ ግን "በዛበት" ብላለች። የባተርነቱ ልጣጭ አስቸገራት፤ ለሁለት ሰንጥቃ ምድጃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ አስገባችውና በቀላሉ ለቀቀላት። ይህን ራሷ ነው ያሰበችው፣ ለእህትህ ንገርልኝ። የቀረውን ጾም በሙሉ ሽሮን ወደ ጎን ትተን ያንን በላን።

እንጀራው ብዙ አታገለን። ጤፉን አቦካች፣ እርሾ ከአንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ለመንን፤ ሁለት ቀን ቢጠበቅ ሊጡ ፀጥ። ቤቱ ለሰው ሞቃት ነው፣ ለሊጥ ግን አይበቃም። እኔ ምድጃ ውስጥ መብራቱን አብርተን እናስቀምጠው እላለሁ፤ እማዬ መኝታ ቤቷ ገብታ ያን የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ይዛ መጣች። ባልዲውን ዙሪያውን ጠቀለለችው፣ እንደ ሕፃን፣ ከዚያ ከወለሉ ሙቅ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ አጠገብ አስቀመጠችው። በማግሥቱ ልጄ ጆሮዋን ወደ ባልዲው አስጠግታ "ያወራል!" ብላ ጮኸች። አረፋው ይሰማ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት እንጀራዎች ምጣዱ ላይ ተጣበቁ፣ አራተኛው ዓይን አወጣ።

አሁን ስለ ሰዓቱ። እንዴት እነግራታለሁ ብዬ የጨነቀኝን ታስታውሳላችሁ። የእማዬ የእጅ ሰዓት የሚቆጥረው የደብረ ብርሃንን ነው፤ ከመጣች ጀምሮ አልነካችውም። የስልክ ቡናዋን በዚያ ነው የምትይዘው፣ 9 ሰዓት ሲል። ጥቅምት 23 ጠዋት ቡናዋን አፍልታ ከጎረቤቶቿ ጋር ስታወራ ከእንቅልፌ ተነሳሁ፤ የቤቱ ሰዓት ገና 1 ሰዓት ነው። "እማዬ፣ ዛሬ ሰዓቱ ተቀይሯል" ስላት የእጇን ሰዓት አሳየችኝ። "እዚያማ 9 ሰዓት ነው። የተቀየራችሁት እናንተ ናችሁ" አለችኝ። አለቀ። ያን ያህል የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር።

እንዲያውም ጠቀመን። ቀደም ሲል ቡናው 2 ሰዓት ላይ ሲሆን ልጄ ለአውቶቡስ ትጣደፍ ነበር። አሁን 1 ሰዓት ላይ ስለሆነ ከመሄዷ በፊት አቦሉ ላይ ትደርሳለች። የደብረ ብርሃን ሴቶች በስልክ "አንቺ ልጅ፣ ቁርስ በላሽ?" ይሏታል፤ በአማርኛ ትመልሳለች። እኔ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። ቅዳሜና እሁድ እኔም አጠገባቸው እቀመጣለሁ።

ነርሷ ባለችው መሠረት ቀን ላይ ትወጣለች። ለምን እንደምትወጣ ግን ራሷ ነው የወሰነችው፦ ቅጠል ለመጥረግ። ደጃችን ሁለት ትልልቅ ዛፎች አሉ፤ የሚረግፈው ማለቂያ የለውም። እኔ ካውንቲው በመኪና መጥቶ እንደሚመጠው ነግሬያት ነበር። "ታዲያ ደጅ ይከመር?" አለችና በየቀኑ ከቀትር በኋላ ትጠርጋለች። ማዶ ያሉት ሽማግሌ አይተዋት የራሳቸውን ሰፊ መጥረጊያ ይዘው መጥተው ሰጧት፤ አሁን እሳቸው በዚያ በኩል፣ እሷ በዚህ በኩል ይጠርጋሉ። አንድም ቃል አይግባቡም። ባለፈው ሳምንት ቆሎ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻቸው።

ከትናንት ወዲያ ህዳር 12 ነበር። የቅጠሉን ክምር ቆማ አየችና "ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ህዳር ሊታጠን ነው፣ ይሄን እናቃጥለው" አለችኝ። እዚህ እሳት ማንደድ እንደማይሆን አስረዳኋት። አልተከራከረችኝም፤ ልጄን ጠርታ ደጃፉ ላይ አስቀመጠቻትና በ1911 ስለመጣው የህዳር በሽታ ነገረቻት። ከአያቷ የሰማችውን፦ ቀባሪ እንዳልነበረ፣ ሰው በየቤቱ ተዘግቶ እንደቀረ፣ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዚህ ቀን ቆሻሻው እየተጠረገ እንደሚቃጠል። ልጄ "እንደ ኮቪድ?" አለቻት። "እንደ እሱ" አለች እማዬ። ከዚያ ዕጣኑን በኤሌክትሪክ ማጨሻው ላይ ጨምራ፣ ገመዱ እስከደረሰበት ድረስ ይዛው በጓሮው በር ወጣች። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ነበር፣ ጨልሞ ነበር። የበረንዳውን መብራት አብርታ፣ ጭሱን ወደ ቅጠሉ ክምር በእጇ እየመራች ጥቂት ቆመች። አልተቻኮለችም፤ ወደ ቤትም ግቢ አላልኳት።

ዛሬ እሁድ ቅበላ ነው፤ ነገ የነቢያት ጾም ይገባል። ጽጌው ካለቀ ወዲህ ባሉት ቀናት ገንፎ በቅቤ ሁለት ጊዜ በልተናል፣ አጥሚት ማታ ማታ ጠጥተናል። ለዛሬ ዶሮ ነው። ዶሮውን ትናንት ማታ 12 ብልት አድርጋ አወጣችው፤ ልጄ በጣቷ እየቆጠረች "ፈረሰኛ"ን ብቻ ሦስት ጊዜ ጠየቀች። ሽንኩርቱ ከጠዋት ጀምሮ ድስት ላይ ነው፣ ዓይኔ እያነባ ነው የምጽፍላችሁ። ለሐሙስ ማታ የሥራ ባልደረባዬ ለታንክስጊቪንግ፣ ለአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ጠርታናለች። የበዓሉ የቱርክ ዶሮ በጾም ላይ ስለዋለ እማዬ "የራሳችንን ይዘን እንሄዳለን" ብላ ወስናለች፤ ዱባ ወጥና አንድ ድፎ ዳቦ። ለዳቦው የኮባ ቅጠል ስለማይገኝ በምን እንደምትጠቀልለው ገና አልወሰነችም። እዚህ ያላችሁ በምን ነው የምትጠቀልሉት? የሙዝ ቅጠል በበረዶ የተቀመጠ አይቻለሁ፤ ይሆናል?

እየጠራችኝ ነው። በርበሬው የሚገባበት ሰዓት ደርሷል።